ከዋግ ሹሞች በታች፦ የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ታሪክ ማንን ጻፈ፣ ማንን ተወ?

ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ የተጻፈውን ሰብስቦ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ ዙፋንና ረሃብ። በአንደኛው ረድፍ የዛግዌ ወራሾች ነን የሚሉት ዋግ ሹሞች፣ ጦርነታቸው፣ ጋብቻቸውና ውድቀታቸው ተደርድሯል። በሌላኛው ረድፍ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈው የእርዳታ ድርጅቶችና የጋዜጠኞች ዘገባ አለ፤ በዚያ ውስጥ ዋግ ቁጥር ናት፤ ይህን ያህል ተረጂ፣ ይህን ያህል ኩንታል ስንዴ። በሁለቱ መካከል ለብዙ መቶ ዓመታት ያረሰው፣ የነገደው፣ የቀደሰው፣ ድንጋይ የጠረበውና ልጅ ያሳደገው ሕዝብ በስሙ የተጠራባቸው ገጾች በጣም ጥቂት ናቸው።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ስለ ዋግ ምን ተጽፏል? ከአገሩ ታዋቂ ሰዎች ተብለው የተቆጠሩት እነማን ናቸው? ያልተቆጠሩትስ በምን መንገድ ሊገኙ ይችላሉ? እኔ የማምነው የዋግ ታሪክ ከላይ በኩል ጠግቦ ከታች በኩል ገና እንዳልተጀመረ፣ ለመጀመርም የሚያስፈልገው ማስረጃ ዛሬም በየደብሩና በየአረጋዊው አፍ እንዳለ ነው።

ሰቆጣ ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተደቡብ ላስታ፣ በስተምሥራቅ የኮረምና የአላማጣ አገር፣ በስተሰሜን ትግራይ፣ በስተምዕራብ የተከዜ ሸለቆ ይከቧታል። ከደሃናና ከጋዝጊብላ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት፣ ወደ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ፣ ማሽላና ፍየል ወዳለበት፣ ሰው በአንድ ቀን እግር መንገድ ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 426,213 ነበር። በንጉሡ ዘመን ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውራጃ ነበረች፤ የራሷ ምክር ቤት ያላት የብሔረሰብ ዞን የሆነችው በፌዴራሉ ሥርዓት ነው።

የዋግ ሕዝብ የሚቆጠርበት የአገው ስም በጽሑፍ የተጠቀሰው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ኮስማስ የተባለው የግብፅ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ የአክሱም ንጉሥ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል አገውን ይቆጥራል። ኮስማስ ራሱ ደግሞ የአክሱም ንጉሥ ሳሱ ወደሚባል አገር ወርቅ ለማምጣት ነጋዴዎችን ሲልክ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው የአገው ገዥ እንደነበረ፣ ነጋዴዎቹም በሬ፣ ብረትና የጨው ጠገራ ይዘው ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ጨው የሚለውን ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ የሚጠቅመን አገው በመጀመሪያው የጽሑፍ ማስረጃ ላይ የመንገድና የንግድ ባለቤት ሆኖ መገኘቱ ነው። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ዙፋኑን ብቻ ሲያዩ ይህን ረስተውታል።

ዙፋኑ የሚጀምረው በዛግዌ ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት ታላቅ መጽሐፋቸውም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ሕዝብ ከሌሎች ጋር መዋሐድ ባሳተሙት ጥናት የዛግዌ ነገሥታትን ከሰሜናዊው አገው አገር ጋር አያይዘው አሳይተዋል። ፈረንሳዊቷ ማሪ ሎር ደራ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ ደግሞ ዛግዌዎችን "ዙፋን ነጣቂ" ያሰኘው ታሪክ የተቀረጸው ከእነሱ በኋላ በነገሡት ዘመን እንደሆነ ተከራክራለች። ለእኔ ከክርክሩ ይልቅ የማስረጃው ዓይነት ይበልጣል። ስለ ዛግዌ ዘመን ያሉን የታመኑ ሰነዶች ዜና መዋዕል አይደሉም። ገድለ ላሊበላ እንኳ የተጻፈው ንጉሡ ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የታመኑት ሰነዶች በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የሰፈሩ የመሬት ስጦታ ማስታወሻዎች ናቸው፤ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የነበረው የወርቅ ወንጌል ንጉሥ ላሊበላ የሰጡትን መሬት እስከ ምስክሮቹ ስም ድረስ ይዟል። አንድ ትልቅ ሥርወ መንግሥት ለታሪክ የተረፈው አንዲት ደብር መሬቷን እንዳትቀማ ብላ በጻፈችው ማስታወሻ ነው።

በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ የዛግዌ ዘር እንዳልጠፋ፣ በስምምነት ዋግን ይዞ እንደቀረ ትውፊቱ ይናገራል። ዋግ ሹም የሚለው ማዕረግ ከዚያ ይመነጫል ይባላል። የውሉ ዝርዝር እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዱ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታራቂነት ሆነ ሲል ሌላው ሌላ ቅዱስ ይጠራል። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ዋግ ሹሙ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት መብት እንደነበረው ነው። ትውፊቱ በቃሉ ይታመን አይታመን ውጤቱ በታሪክ ታይቷል፤ በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ቤተሰብ አንድን አገር በዘር ይዞ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘለቀበት ምሳሌ ከዋግ ሌላ ብዙ አይገኝም።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የዚህ ቤተሰብ ሐውልት ነው ማለት ይቻላል። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ፊቱ በጌጥ ተቀርጿል፤ የዋግ መኳንንት አስከሬንም በሣጥን ሆኖ በውስጡ ይገኛል። አገሬው ሥራውን ከላሊበላ ዘመን በፊት ያደርሰዋል፤ የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች በዕድሜው አይስማሙም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "በማን ዘመን ተሠራ?" ብሎ ነው። "ማን ፈለፈለው?" የሚል ግን የለም። መሮና መዶሻ ይዞ አለቱን ከላይ ወደ ታች የወረደው፣ የት ላይ ዓምድ እንደሚያስቀርና የት ላይ እንደሚከፍት በዓይኑ ለክቶ የሚያውቀው ጠራቢ በላሊበላም በዋግም ስም የለውም።

ላስታና ዋግ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ የከበዱበት ጊዜ ብዙ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሃይማኖት በግድ ሲመጣ ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣች። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ የተደረገው ውጊያ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ንጉሡ ድል ቢያደርጉም በወደቀው ሕዝባቸው ብዛት አዝነው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። የዚያን ጊዜ ገበሬ የአገሪቱን ሃይማኖታዊ ዕጣ ወስኗል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ዜና መዋዕሉ ግን የአለቃውን ስም ብቻ ያውቃል።

ከዋግ ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው ዋግ ሹም ጎበዜ ናቸው፤ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሁለተኛ የተባሉት። የታሪክ መጻሕፍት በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ዮሐንስ መካከል በአንድ አንቀጽ ያልፏቸዋል፤ ይህ አይገባቸውም። አባታቸውን ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው። ልጁ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ እየደከሙ በሄዱ ቁጥር ጎበዜ ዋግን፣ ላስታን፣ ከዚያም አልፎ ሰፊ አገር ያዙ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያልፍ ከመንገዱ ብዙው የእሳቸው አገር ነበር፤ አልተዋጉትም፣ አሳለፉት። ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ሲሞቱ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በአባት የዛግዌ፣ በእናታቸው በወይዘሮ አይቸሽ ተድላ በኩል ደግሞ የጎንደር ነገሥታት ዘር ነኝ አሉ። ከ600 ዓመት በኋላ ሁለቱን ዘር በአንድ ሰው ላይ አገናኝቶ መንገሥ ታላቅ ፖለቲካዊ ሐሳብ ነበር። ጎንደርም ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን በማደስ ስማቸውን አስመሰገኑ።

የወደቁበት ምክንያት ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከሰውየው ጀግንነት ጋር ግንኙነት የላቸውም። አንደኛ፣ አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ቤት ሞተው ስለነበር የሚቀባቸው ጳጳስ አልነበረም፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ ወንድም የሆኑት የትግራዩ ካሣ ምርጫ ግን በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ አስመጡ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ላደረጉለት እርዳታ ለካሣ አሥራ ሁለት መድፍና ከ700 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ሦስተኛ፣ ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ከካሣ ጋር ቀርቶ ወታደራቸውን በአዲስ ሥልት አሠለጠነ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሰም በሚባለው ቦታ ተክለ ጊዮርጊስ 60,000 የሚባል ሠራዊት ይዘው 12,000 ከሚባለው የካሣ ሠራዊት ጋር ተዋጉና ተሸነፉ። ቆስለው ተማረኩ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ በእስር አለፉ። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ተቀቡ። የዋግ ዙፋን ያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋግ ሹም ማለት አገረ ገዥ ሆነ። ከ60,000ው መካከል ከዋግ የሄደው ስንቱ እንደተመለሰ፣ ማኅበረሰቡስ ከዚያ ክረምት በኋላ እርሻውን በማን ጉልበት እንዳረሰ የጻፈ የለም።

ዋግ ሹም ጓንጉል በአምባላጌና በአድዋ ጦርነት የዋግን ሰው ይዘው ዘመቱ፤ በኅዳር 1888 ዓ.ም. ከራስ መኮንን ጋር አምባላጌ ላይ ከነበሩት መኳንንት አንዱ ናቸው። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ስለ አድዋ ብዙ ተብሏልና። የዋግ ልጆች ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባው ሌላ ሰው አለ፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ።

ኃይሉ የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ናቸው። ጣሊያን ሰቆጣን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት በተደረገበት ወር ነው። በቀጣዩ ዓመት በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ በአዲስ አበባ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የደረሰው ጭፍጨፋ አገሩን ሲያንገበግበው ኃይሉ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ዋግንና ላስታን አስነሡ። አመጹ በአንድ ጊዜ ሰፊ አገር አዳረሰ፤ የጣሊያን ምሽጎች ተከበቡ። ጣሊያን በአውሮፕላንና ብዙ ሠራዊት በመላክ መለሰው። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ኃይሉ ተያዙና ተገደሉ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ጭንቅላታቸው በአደባባይ ለሕዝብ ታየ። ፋሺስቱ ይህን ያደረገው ሕዝቡን ለማስፈራራት ነበር። የጎጃም፣ የሸዋና የበጌምድር አርበኝነት ሲነገር የዋግ ተነሣሽነት በቅድሚያ ካልተጠራ ታሪኩ የተዛባ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ሕዝባዊ አመጾች አንዱ እሱ ነበርና።

ይህ ሁሉ የመኳንንት ታሪክ ነው። አሁን ወደ ጨው ልመለስ።

ሰቆጣን ከተማ ያደረጋት ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ የአሞሌ ጨው በትግራይ በኩል ወደ ደጋ ይወጣና ሰቆጣ ይራገፍ ነበር፤ ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይሠራጭ ነበር። አሞሌ የስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ የጨው ጡብ ነው። እንዳይሰበር ወገቡ በተክል ቅርፊት ይታሰራል። ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ጫኙ በበጋ ይጓዝ፣ ማታ ጭነቱን ሲያራግፍ እርጥበት ከሌለው ቦታ ይደረድረው፣ በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር ከጎኗ ሆኖ ሸክሙን በትከሻው ይደግፍ ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር አንዱ አሞሌ የሚገዛው እህል ይጨምር ነበር፤ ነጋዴውን ከአገር አገር ያስኬደው የነበረው ይኸው ነው። ጨው በኢትዮጵያ ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ሰቆጣ ከታላላቅ መገበያያዎቹ አንዷ ነበረች ማለት የዋግ ሕዝብ ታሪክ ከአንድ ትልቅ የኢኮኖሚ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው ማለት ነው። ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የአገው ገዥና የጨው ጠገራ ሲታወስ ይህ መንገድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ዋግን በዓይናቸው አይተው ከጻፉ የውጭ ሰዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 በትግራይ ቀርቶ ከአገሬው ጋር ኖረ፤ በ1807 ወደ ላስታና ሰቆጣ ያደረገውን ጉዞ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ፒርስ ሊቅ አልነበረም፤ ግን ገበያ፣ መንገድና የሰው አኗኗር ያያል። ስለ ታችኛው ሕዝብ የተጻፈው ከመኳንንት ዜና መዋዕል ይልቅ በእንዲህ ዓይነት መንገደኛ ማስታወሻ ውስጥ መገኘቱ ያሳዝናልም ያስተምራልም።

የእንግሊዝ ነገር ከተነሣ አንድ ንጽጽር ይጠቅመናል። በእንግሊዝ አገር እዚህ ግባ የማይባል መንደር እንኳ የራሱ ታሪክ መጽሐፍ አለው። ይህን የቻሉት ሰዎቹ ከእኛ የበለጠ ታሪክ ስለሠሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1538 የእንግሊዝ ንጉሥ ሚኒስትር የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ፤ በ1899 ደግሞ የየአውራጃውን ታሪክ መንደር በመንደር የሚጽፍ ትልቅ ሥራ ተጀመረ፣ እስካሁን አላለቀም። ከሁሉም የሚደንቀኝ ሞርባት የምትባለው 33 አባወራ ብቻ የነበሯት መንደር ናት። ቄሷ ክሪስቶፈር ትሪኬይ ከ1520 እስከ 1574 እዚያው ሲያገለግል የደብሯን ገቢና ወጪ ጽፎ ያዘ፤ የበግ ሽያጭ፣ የማርና የሰም ገንዘብ፣ ማን ምን እንደሰጠ። የታሪክ ሊቁ ኤመን ደፊ በ2001 ይህን የሒሳብ መዝገብ አንብቦ የእንግሊዝ ሃይማኖታዊ አብዮት አንዲትን መንደር እንዴት እንዳናወጠ አሳየ፤ በ1549 ለአመጽ የላከቻቸው አምስት ወጣቶች ወጪ ሳይቀር ተገኘ። የዚያች መንደር ታዋቂ ሰው ጌታዋ ሳይሆን መዝገብ ያዡ ቄስ ሆነ።

የዋግ ደብሮችም ለዚህ ዓይነት ሥራ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በወንጌልና በስንክሳር ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የዳኝነት ውሳኔ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ መጽሐፉን ያጻፈውንና የጻፈውን ሰው ስም የመመዝገብ ልማድ አላት። በታችኛው ገጽ ላይ "ይህን መጽሐፍ የሰጠ እገሌ፣ ሚስቱ እገሊት" ተብሎ የተጻፈ ሁለት መስመር አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለታሪክ የተረፈበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት አነሣ፤ ብዙው ከሸዋና ከአዲስ አበባ ነው። በኋላ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በምሥራቅ ትግራይ ደብር ለደብር እየተዞረ ሰፊ የዲጂታል ሥራ ተሠርቷል። ዋግ ይህን የመሰለ ደብር ለደብር የሚደረግ ሥራ ያስፈልጋታል፤ ቢሠራላት ከዋግ ሹሞቹ ጎን የሚቆሙ መቶዎች ስሞች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ሌላው መዝገብ ቋንቋው ነው። ኽምጣና የአገው ቋንቋዎች ሰሜናዊ ወገን ነው፤ ከአዊኛ፣ ከኤርትራው ቢለንና ከቅማንትኛ ጋር ይዛመዳል። የአዊ ሰባት ቤት አባቶች ከላስታ በኩል መጡ የሚል ትውፊት አለ፤ ቢለኖችም የመጡበትን አገር ላስታ ያደርጋሉ። ዋግና ላስታ እንግዲህ በትውፊቱ ለእነዚህ አገዎች የአባት ቤት ናቸው። ኦስትሪያዊው ሌዎ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ኽምራ ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 ሰዋስዉን፣ በ2006 ደግሞ የአገው ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት አወጣ፤ ክሎዌ ዳርሞን በ2015 ስለ ሰዋስዉ ሰፊ የዶክትሬት ጥናት ጻፈች። ሁሉም መልካም ሥራ ነው፤ ሁሉም ግን በአውሮፓ ቋንቋ ለአውሮፓ አንባቢ የተጻፈ ነው። በ1986 ዓ.ም. ቆጠራ ተናጋሪው 143 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ኽምጣና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል፣ በአማራ መገናኛ ብዙኃንም ይተላለፋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ልጅ በኽምጣና ማንበብ ከቻለ በኋላ ግን የሚያነበው ያስፈልገዋል፤ አያቱ የሚናገሩት የዘር ቆጠራ፣ የመንደር ክርክር፣ የእረኛ ተረት ተጽፎ ቢሰጠው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ሴቶቹስ? በዋግ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ሴት የምትገኘው የንጉሥ እናት ወይም የንጉሥ ሚስት ሆና ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 16 ግን ዋግ የሴቶች ናት። የሻደይ በዓል በፍልሰታ ፍቺ ይጀምራል። ልጃገረዶቹ በዓሉ የተጠራበትን ረጅምና ለስላሳ ቅጠል ከዋዜማው ቆርጠው ይጎነጉኑታል፣ ወገባቸው ላይ ያስሩታል፤ ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከዚያ ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ አዝማቿ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የምታወጣው ግጥም የዓመቱን ነገር ይዟል፤ የሚመሰገነው ይመሰገናል፣ የሚወቀሰውም ይወቀሳል። በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው እህት በዓል ነው። ቱሪስት የሚያየው ልብሱንና ጭፈራውን ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ አገሩ ሁሉ ቆሞ የልጃገረድን አስተያየት የሚሰማበት ቀን በዋግ መኖሩ ነው። እነዚያ ግጥሞች በየዓመቱ ተቀርጸው ቢቀመጡ የአንድ ዞን ማኅበራዊ ታሪክ በልጃገረዶቹ አንደበት ይጻፍ ነበር።

ወደ ረሃቡ ስመጣ ቁጥር አላበዛም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ዋግን አልማረም። በ1977ቱ ደግሞ የዋግ ሰው ወደ ኮረም ተሰደደ፤ በጥቅምት ወር ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ሜዳ ላይ ከነበሩት መካከል ከሰቆጣና ከአካባቢዋ በእግሩ የመጣ ብዙ ነው። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ተመራማሪው አሌክስ ደ ዋል በ1991 እ.ኤ.አ. ለሰብአዊ መብት ተሟጋቾች በጻፈው ሰፊ ዘገባ እንዳሳየው ግን ድርቁን እልቂት ያደረገው ጦርነቱ ነው፤ ገበያ ይደበደብ ነበር፣ የሰውና የእህል እንቅስቃሴ ይታገድ ነበር። ዋግ በዚያን ጊዜ የጦር ሜዳ ነበረች። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ በወጡ ታጋዮች የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) ዋና መንቀሳቀሻው ይህ አገር ነበር። ገበያ የፈጠራትን ከተማ ገበያዋን ስትዘጋባት ምን እንደሚደርስባት ያ ዘመን አሳይቷል። ይህንን ሳይናገሩ ዋግን "ድርቅ ያጠቃው አካባቢ" ብሎ ማለፍ ሕዝቡን መበደል ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃልኪዳንን ይፋ አደረገ። ግቡ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስወገድ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 33 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተሞከረ። በዚያው ጊዜ በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት 38ቱ፣ በአማራ ክልል 46ቱ ቀንጭረው ነበር። ቃልኪዳኑ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ ዕቅድ ማያያዙ ትክክል ነው፤ የቀነጨረ ልጅ በእህል እጥረት ብቻ አይቀነጭርምና። የከተማዋ ስም በመላ አገሪቱ የታወቀው በዚህ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ሰቆጣ በችግሯ ስም ብቻ እንድትታወቅ መተው አይገባም።

ዋግ የሚኖርበት ብልሃት አለውና። የአበርገሌ ፍየል ለቆላው የተስማማ የታወቀ ዝርያ ነው። የዋግ ነጭ ማር ገበያ ያውቀዋል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አገር የሚሆን ዘርና እርባታ ይሞክራል። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሲሠራ፣ ዓሣ የማያውቀው የዝቋላና የአበርገሌ ቆለኛ አስጋሪ ሆነ። መረብ ሲሠራና ታንኳ ሲቀዝፍ ያልኖረ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ሙያ ሲለውጥ ማየት ራሱ ትልቅ የታሪክ ርዕስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አስጋሪዎችም ዛሬ በሕይወት አሉ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌ፣ የጻግብጂና የዝቋላ ነዋሪዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ሰቆጣ ፈለሱ፤ የሰው መፈናቀል የመጻሕፍትና የቃል ትውፊት መፈናቀል ነው። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል ይኑረው ከተባለ በኽምጣና ብቻ የሚናገሩ አረጋውያን ይቅደሙ፤ እነሱን የሚተካ ቅጂ የለምና፤ ድምፃቸው በስልክም ቢሆን ይቀረጽ፣ ስማቸውና ቀበሌያቸው በፈቃዳቸው ይጻፍ። ቀጥሎ የደብሮቹ ኅዳግ ይነሣ፤ ይህ ካህናቱ ራሳቸው እያነበቡ፣ ቅጂው እዚያው ደብር እየቀረ የሚሠራ ይሁን፤ ምክንያቱም መጽሐፍ ለማየት መጥቶ ይዞ የሄደ እንግዳ ካህናቱ ደጃቸውን እንዲዘጉ አስተምሯቸዋል። የዋግ ሹሞቹ ታሪክ በሦስተኛ ደረጃ ቢጠና የሚጎዳ የለም፤ እሱ ቀድሞ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ሥራ ለመጀመር ከሰቆጣ መምህራን ማሠልጠኛ የሚወጣ አንድ ክፍል ተማሪ፣ በየመጣበት ቀበሌ አንድ አዛውንት ቢያናግር፣ ይበቃል።